በማሳ የሚፈታ፣ በመንገድ የሚጠመድ

ከሳጉሬ ወደ አሰላ ስሄድ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ነው የምፈልገው። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ፎሌ ያደርጉታል፣ ከሞተሩ ያላቅቁታል። መኪናው በራሱ ክብደት ይንደረደራል፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የጎማው ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ዝም ማለት አልችልም። «ልጄ፣ ማርሽ ውስጥ አግባው» እላለሁ። በቀደም አንዱ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ መንጃ ፈቃድዎ ስንተኛ ነው?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ደግነቱ እየሳቀም ቢሆን ማርሹን አስገባልኝ።

መንጃ ፈቃድስ ከየት ይመጣል። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ያደግኩ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሞተሩ እየሠራ የሌለ የሚመስልበት ድምፅ ነው፤ ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር ያለ። ከሰማሁት ወዲህ ስንት መንግሥት ተነሥቶ ስንቱ ወደቀ፤ እሱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ልብስ ሳጥብ ይመጣል። ቅዳሴ ቆሜ ይመጣል። ዋርሳዬን፣ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም፣ የወሰደብን ያ ድምፅ ነው።

የተዳርኩት ከዲክሲስ በኩል ነው፤ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። የባለቤቴ ቤት ከሳጉሬ ወዲህ፣ ጭላሎን ፊት ለፊት የሚያይ ተረተር ላይ ነበር። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው ይባላል፤ እኔ ስደርስ ግን ከዚያ ሁሉ የቀረው ቤትና ጓሮ ብቻ ነበር፣ መሬቱ የባለርስቱ ነው። አማቴ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ባለቤቴና ዋርሳዬ፣ የባለርስቱን እርሻ በባለርስቱ በሬዎች ያርሱ ነበር። ታላቁ ዝምተኛ ነው። ታናሹ ተጫዋች፣ ቀልደኛ፣ በሬዎቹን በኦሮምኛ እየተቆጣ በአማርኛ የሚያባብል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ብጠይቀው፣ «ቁጣው በእናታቸው ቋንቋ ካልሆነ አይገባቸውም፣ እትዬ» አለኝ።

ታዲያ አንድ በጋ ባለርስቱ ትራክተር ገዙ። ያኔ በእኛ አገር ትራክተር እንደ ብርቅ ይታይ ነበር፤ ከበቆጂ በኩል ሳይቀር ሊያዩ የመጡ ነበሩ። ነጂ ደግሞ ከሩቅ ከማምጣት ብለው ሁለቱን ወንድማማቾች እንዲማሩ አዘዙ። የሚያስተምር መካኒክ ከአሰላ መጣ። ሙያውን ከጣሊያኖች ጋር ሲሠራ የለመደ ነው፤ ስለዚህ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያለ እንደ መልክአ ሲደግም ይውላል። እኔ በሶ በጥብጬ ስወስድላቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ማየት እወዳለሁ። የሄድኩበትን ረስቼ የምቀር ሰው ነኝ፤ አማቴም «ይችን ልጅ ለመላክ ሌላ ሰው መላክ ያስፈልጋል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሁሉ የገባኝ የፍሬኑ ነገር ነው። የትራክተር ፍሬን እንደ መኪና አንድ አይደለም፤ ሁለት መርገጫ አለው፣ ጎን ለጎን። የግራውን ሲረግጡት የግራው ትልቅ ጎማ ይያዛል፤ የቀኙን ሲረግጡት የቀኙ። መካኒኩ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት በእንጨት መሬት ላይ ይሥላል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይሥላል። ወንድማማቾቹ ተያዩና ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው ሲጠይቅ ዋርሳዬ ነው የመለሰለት። ትልሙ ጫፍ ደርሰህ ጥማዱን ስታዞር አንዱን በሬ ታቆመዋለህ፣ ሌላው ይዞረዋል፤ ይኼ እኮ ከሕፃንነታችን የምናውቀው ነው አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግራው መርገጫ ዳለቻ፣ የቀኙ ቡሬ ተባለ፣ በሁለቱ በሬዎች ስም።

ሁለቱን መርገጫዎች የምታያይዝ አንዲት የብረት ምላስ ነበረች። ካጋደሟት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ አንድ እግር ሁለቱንም ይረግጣል፤ ካነሷት ይለያያሉ። እሷንም ቀንበር አሏት። ሌላ ምን ሊሏት ይችላሉ? መካኒኩም ወደደላቸው። «እንግዲህ ስሙኝ» አለ፤ «ማሳ ላይ ቀንበሩን ፍቱት። መንገድ ስትወጡ ግን ጥመዱት። መንገድ ላይ አንዱን ብቻ የረገጠ አለቀለት።»

ዋርሳዬ ይኼን ሲሰማ ከትከት ብሎ ሳቀ። «ይኼማ የቂል በሬ ነው» አለ። «ሲያርስ ተፈቶ፣ ቤቱ ሲሄድ ተጠምዶ!»

እውነቱን ነው። የእኛ በሬ ቀኑን ሙሉ ተጠምዶ ይውላል፤ ማታ ቀንበሩ ሲወርድለት ነው ወደ ቤቱ የሚዞረው። ገበሬም ለገበሬ ማምሻውን ከማሳ ማሳ የሚጠያየቀው «ፈታህ ወይ?» ተብሎ ነው። ፈታሁ ማለት ሥራ አበቃ ማለት ነው፣ እግር ወደ ቤት ዞረ ማለት ነው። ለትራክተሩ የወጣለት ሕግ ግን የዚህ ግልባጭ ሆነ። በማሳ የሚፈታ፣ በመንገድ የሚጠመድ። እንደ ዘፈን ይሉት ነበር፤ እኔም ማጀት ሆኜ እለው ነበር።

መቼም ሕግ ሌላ፣ እጅ ሌላ ነው። ያ የመጀመሪያው ትራክተር እንደ ሽማግሌ በቅሎ ነበር። ማርሽ ለመለወጥ ቆሞ ፍሪሲዮን መርገጥ አለበት፤ በአንደኛ ማርሽ ቁልቁለት ካስጀመሩት ግን ሞተሩ ራሱ ይዞት ግር ግር እያለ ይወርዳል፣ ፍሬን አያስነካም። ስንት ቀን ቀንበሩን ሳይጠምዱ ወርደዋል። ቤት ደርሰው ሲያዩት ይስቃሉ፣ «ዛሬም ፈትተን መጣን» ይላሉ። ምንም አልሆነም። ምንም ስላልሆነ ነገሩ ከጨዋታ ተቆጠረ።

በዓመቱ ባለርስቱ ሌላ ጨመሩ። ይኼ አዲሱ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሥራ፣ ሌላ ነው። ከመሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ ዘንግ አለችው፤ ያለ ፍሪሲዮን፣ እየሄደ ሳለ፣ ወዲህ ሲሏት ይፈጥናል ወዲያ ሲሏት ያዘግማል። ታላቁ አሮጌውን ያዘ፣ ታናሹ አዲሱን። ዋርሳዬ በእሷ ዘንግ ሰክሮ ሰነበተ። መካኒኩ ሲያስረክበው ነግሮታል፤ በዝግታው ቁልቁለት አትውረድ፣ ሽቅብ ይጎትታል እንጂ ቁልቁል ሲሆን ሞተሩ ጎማውን አይዝልህም፣ ይለቀዋል ብሎታል። ባለቤቴም አጠገቡ ቆሞ ሰምቷል። ግን ማን ያምናል? ቁልቁለት በዝግታ ነው የሚወረደው። ጭነት አህያ በዝግታ ነው የምታወርደው፤ እርጉዝ ሴትን በዝግታ ነው። ዝግታ ይገድላል ቢባል ጆሮ ይሰማል እንጂ እግርና እጅ አይሰሙም።

አዲሱ ከመጣ በኋላ የዋርሳዬ ጨዋታ ቀነሰ። አንደኛ፣ ትራክተር ስለመጣ ከባለርስቱ መሬት ጭሰኞች ተነሡ፤ ከተነሡት ቤቶች የአንዱን ደጅ ያረሰው እሱ ራሱ ነው። አብሮት ያደገ ሰው ቤት ነበር። ምድጃው የነበረበት ቦታ አፈሩ ቀይ ሆኖ ወጣ ብሎ ነገረኝ። ሁለተኛ፣ ሚስቱ ፈታችው። ወደ በቆጂ ወደ ወላጆቿ ሄደች፣ ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። በሰፈሩ ያለ ሁሉ «ፈታችው እኮ» ይል ነበር። እሱም ከምግብ ቶሎ ይነሣል፣ ደጅ ወጥቶ ጭላሎን ያያል። አማቴ ይኼን ሁሉ ያያሉ፤ ጎረቤቱም ያያል።

በጥር ነው፣ የመጀመሪያው እርሻ ሲታረስ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እኔ ከማሳው ወደ ቤት ከሚያወርደው ቁልቁለት ሥር ወንዝ ወርጄ ልብስ አጥባለሁ። ከላይ ትራክተሩ ሲመጣ ሰማሁት፤ አዲሱ፣ የዋርሳዬ፣ እንደሆነ አወቅኩ፣ የአሮጌው ድምፅ ሌላ ነው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። አቆመው መሰለኝ። ግን የጎማው መንኳኳት እየፈጠነ ይመጣል፤ ሞተሩ ደግሞ እንደዚያ፣ አፍ እንደ ዘጋ ሰው፣ ያንጎራጉራል። ቀና ስል መንገዱ ከእኔ በላይ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ያየሁት ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል፣ ከጥዶቹ ላይ የተነሡትን ወፎች ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፍም።

በዚያ ጊዜ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ነበሩ፤ ከሳጉሬ ገበያ አህያቸውን እየነዱ የሚመለሱ ሽማግሌ፣ የአርሲ ሰው፣ እስላም። ውሸት የማያውቁ መሆናቸውን አገሩ ሁሉ የሚመሰክርላቸው ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ ይሻለን ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የነገሩት ይኼን ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አገኙት፣ ሰላም አሉት፣ ጨረስክ ወይ ብለው ጠየቁት፣ መለሰላቸው፣ ፈገግ ብሎ ወረደ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ድንጋይ የለ፣ ከብት የለ፣ ፊቱ የቆመ የለ። ከመሐል ሲደርስ ትራክተሩ በድንገት ወደ ግራ ዞረ፣ ሰው በእጁ እንደሚያዞረው፣ ገደሉ ውስጥ ገባ።

የመለሰላቸውን ቃል ደግሞ ለካህኑ ነገሩ፤ ስለተጠየቁ ነው የተናገሩት። ካህኑ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ የአማቴ የነፍስ አባት ናቸው። ግን በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት የለም፤ ሥርዓቱ ነው። ዋርሳዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አንድ ጥድ ሥር፣ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ካህን ተቀበረ።

ለቅሶውም ለቅሶ አልሆነም። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ መሬት መሬት አየ፣ ሄደ። ሙሾ ያወረደ የለም። «ነፍስ ይማር» ለማለት እንኳ ፈሩ። አማቴም አላለቀሱም። ማለዳ ማለዳ መቃብሩ ጋ ሄደው ጅብ እንዳይነካው ድንጋይ ይጨምሩና ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄጄ ለምን እንደማያለቅሱ ጠየቅኳቸው። ልጄ ገና መንገድ ላይ ነው አሉኝ፤ ያልገባ ሰው አይለቀስለትም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከቁልቁለቱ ድምፅ ይሰማል ማለት ጀመሩ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሚያንጎራጉር ነገር አለ አሉ። ልጆቻቸውን በዚያ መስደድ ተዉ። እኔም እሰማው ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቴ የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል ከራሳቸው ከሽማግሌው አፍ መስማት ፈለጉና አስጠሯቸው። መጡ። እጃቸውን እያስታጠብኩ ነበር። ምንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዲነግሯቸው አማቴ ለመኗቸው። «ዱጋ ነው የምነግርሽ» አሉ፤ እውነቱን ማለታቸው ነው። «ጨረስክ ወይ ልጄ አልኩት። ‹ፈትቻለሁ አባባ፤ ቀንበሩ ወርዷል። አሁን ወደ ቤቴ ነው› አለኝ። ወላሂ ሌላ አላለም።»

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚስቱ የፈታችው ሰው፣ የወዳጁን ደጅ ያረሰ ሰው፣ ቀንበሩ ወርዷል ወደ ቤቴ ነው ካለ፣ ይኼ ስንብት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ካህኑ የሰሙት ይኼንን ነው። አገሩም የሰማው ይኼንን ነው። እኔ ግን ውሃውን ከእጃቸው ውጭ እያፈሰስኩ ነበር። ቀና ስል ባለቤቴ እኔን እያየ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። በእኛ ቤት ቀንበር የሚባለው የበሬ ቀንበር ብቻ አልነበረማ።

ባለቤቴ ማግስቱን ከጓሮ ጠርቶ ነገረኝ። ዋርሳዬ የብረቱን ቀንበር አይቶታል፤ ተነሥቷል፣ ማለት ለእኛ ወርዷል፣ ተፈቷል። ቀኑ አልቋል። ቀን ሲያልቅ ደግሞ በበሬ ሕግ የተፈታ ነገር ትክክል ነው። ዓይኑ አየ፣ ልቡ አረፈ፣ ወረደ። ዘንጓን ዝግታ ላይ አድርጓታል፤ አዲሱ ሲለቀው ደነገጠ፣ እግሩን ሰደደ፣ ያገኘው ዳለቻን፣ የግራውን፣ ብቻ ነው። ይኼን ሲነግረኝ ቆሞ ነበር፣ ሁለት እግሩ ግን አንድ ላይ መሬቱን ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ተቀምጦም ይጫን ጀመር። እህል ስናቀርብለት፣ ሰው ሲያናግረው፣ ሁለቱ እግሮቹ እኩል፣ ቀስ ብለው፣ ምድሩን ይረግጣሉ። አማቴም ያያሉ።

ወደ ካህኑ ሄደ። ካህኑ ታግሠው ሰሙት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ያንን ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አሉት። «እኔ የሰማሁት ሰው ሁሉ የሚሰማውን ነው። ቀንበር ብረት ነው ካልከኝ አሳየኝ። አርባው ሳይደርስ አሳየኝ።»

አዲሱን ትራክተር በበሬ ጥማድ ነው ከገደል የጎተቱት። ባለርስቱ በግ አሳርደው ደሙን ጎማው ላይ አስቀቡ። መካኒኩ ከአሰላ መጥቶ የተጣመመውን አቃና። ዘንጓ እንደተባለው ዝግታ ላይ ነበረች፤ ምላሷም ተነሥታ ነበር። ግን ያን የሚሰማ አልተገኘም፤ ሲገለባበጥ ተነሥታ ይሆናል አሉ። ባለርስቱም ያ ነገር ሰው በልቷል፣ ቁልቁለቱን ሁለተኛ እንዳያይ አሉ። ስለዚህ ባለቤቴ መጀመሪያ ያሳየው በአሮጌው ነው።

ካህኑ መጡ፣ አህያ ነጂው ሽማግሌ መጡ፣ የአገሩ ሰው መጣ። ባለቤቴ ቀንበሩን ፈትቶ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በዚያው ቁልቁለት አወረደው። መሐል ሲደርስ የግራውን ብቻ ረገጠ። አሮጌው እንደ ልማዱ ግር ግር እያለ ራሱን ወደ ግራ ነቀነቀ፣ ባለቤቴ በመሪው መለሰው፣ ታች ደረሰ። አንዱ ከኋላ፣ «ብረትም ምስክር ይቆማል እንዴ?» አለ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ካህኑ አዝነው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ በሰላም ወረደ» አሉ። አሮጌውን ሞተሩ እንደሚይዘው፣ አዲሱን እንደማይዘው ሊያስረዳ ሞከረ፤ አንደበቱ እንደ ወንድሙ አይደለም፣ ተንተባተበና ተወው።

ቤት ሲገባ በአዲሱ አሳያለሁ አለ። ያኔ ነው እኔ አፍ ያወጣሁት። ከተዳርኩ ጀምሮ በአማቴ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«አንድ አነሰን ወይ?» አልኩት።

መልሱን የሰጡኝ አማቴ ናቸው። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። «አንዱ ልጄ ደጅ ላይ ቀርቷል። ይኼኛውም እዚህ ተቀምጦ መሬት ይረግጣል። ሁለቱንም አጥቻቸዋለሁ፤ ተይው፣ ይሂድ።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። በገደሉ በኩል እንደማይወርድ፣ ከላይኛው ማሳ ጥግ፣ ግራው የታረሰ ለስላሳ አፈር በሆነበት በኩል እንደሚወርድ ነገረኝ። ባለርስቱን እንዴት እንዳሳመናቸው አላውቅም፤ ካላሳየሁበት ሁለተኛ አልወጣበትም ብሏቸው ነው አሉ። እሱ ካልነዳ ደግሞ ሌላ ነጂ የላቸውም።

በማግስቱ ማለዳ ነው የወጣነው። ብርድ ነበር፤ የጭላሎ ራስ በጉም ተሸፍኗል። ካህኑ ነጠላቸውን ደርበው ከማሳው ጫፍ ቆሙ። አማቴ ክንዴን ያዙ፤ ጣቶቻቸው ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ባለቤቴ አፋፉ ላይ አቁሞ ወረደና ሁሉም እንዲያይ ምላሷን አነሣት። «ፈታሁ» አለ። ወጣ፣ ዘንጓን ዝግታ ላይ አደረገ፣ ለቀቀው።

መጣ። ያ ድምፅ መጣ። ሞተሩ ዝቅ አለና አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር ጀመር፤ ጎማው ፈጠነ። በዝግታው ነው እኮ፣ እያንዳንዱ ሰው ዝግታ ላይ ሲያደርጋት አይቷል፤ እሱ ግን እንደ ተፈታ ወይፈን ይወርዳል። አማቴ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከመሐል ሲደርስ የግራውን ረገጠ። ትራክተሩ በአንድ እግሩ ላይ የተወጋ በሬ ይመስል ዞረ፤ የቀኙ ትልቅ ጎማ ከመሬት ተነሣ፣ ከሥሩ ሰማይ አየሁ። እዚያው ላይ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ የታረሰው አፈር ውስጥ ተሰንቅሮ፣ አጋድሎ፣ ቆመ።

ባለቤቴ ከወንበሩ አልወረደም፤ መሪውን አቅፎ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። አህያቸውን ትተው ወደ ካህኑ ሄዱ። «ወላሂ ይኼ ነው» አሉ። «ልክ እንዲህ ነው የዞረው። እኔ በእጁ ያዞረው መስሎኝ ነበር።»

ካህኑ በታረሰው አፈር ላይ እየተደናቀፉ ወደ ትራክተሩ ሄዱ። መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዙረው በቀኝ ጣታቸው ያችን የብረት ምላስ አጋደሟት፣ አነሷት፣ እንደገና አጋደሟት። ይኼ ነው ወይ ቀንበር የምትሉት ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ አዎ አላቸው። ሲነሣስ ምን ትላላችሁ አሉት። «ተፈታ ነው የምንለው፣ አባ» አለ። ካህኑ እጃቸውን ከብረቷ አነሡ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረው በአርባው ካህናቱን ይዤ እመጣለሁ አሉ።

መጡም። ዲያቆናቱ ጥላ ይዘው፣ ጥና ይዘው፣ ከአጥሩ ወጥተው ጥዱ ሥር ቆሙ። ፍትሐቱ ሲደርስ ባለቤቴን አጠገቤ አጣሁት። ፈልጌ ሳየው ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ባሉ ቁጥር ያች ቃል ትመታዋለች። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። እጁን ከጆሮው አላወረድኩም። ካህኑ ሲጨርሱ ብቻ ልብሱን ሳብ አደረግኩት። ገብቶ ከመቃብሩ ራስጌ አፈር ዘገነ።

ቤት ስንገባ አማቴ ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ከተረተሩ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። የሴቶች ነው። ብዙ ናቸው። መሬት መሬት አይተው የሄዱት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ስሙን እየጠሩ፣ ሙሾ እያወረዱ ይመጣሉ። ከሳጉሬ መንገድ በኩል ደግሞ ሌሎች። ዛሬ እንደሞተ፣ ዛሬ መርዶው እንደደረሰ ሆነው ነው የሚመጡት። ደጃችን ያን ያህል ሰው ሲመጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አማቴ ተነሡ። መቀነታቸውን ፈትተው አጠበቁት፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዞሩት። ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸው ሳይናወጥ፣ «ልጄ ዛሬ ሞተልኝ» አሉ። «ሂጂ ውሃ ቅጂ። ለቀስተኛ መጣ።»

እንስራዬን አንሥቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ገና ከአጥሩ ሳልርቅ ከኋላዬ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ከሁሉም በላይ ሲጮህ።